መሬት ላይ የተቀመጠው ዳቦ

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ሞተው የተገኙት ዐርብ ማለዳ ነበር፤ ገና ጣሪያው ባልለበሰው አዲሱ የቁልቋል ሜዳ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከባሕር ዛፍ መወጣጫው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው። ኢንስፔክተር ዓለምጸሐይ ከአርብ ገበያ ፖሊስ ጣቢያ በሞተር ብስክሌት ስትደርስ ዝንቡ ቀድሟት ነበር። ያናደዳት ግን ዝንቡ አልነበረም። ሁለት የግንባታ ሠራተኞች ስልካቸውን ዘርግተው ሬሳውን ያነሣሉ፤ አንደኛው የሟቹ ፊት በደንብ እንዲታየው ነጠላውን በጫማው ጫፍ ገለጥ አድርጎታል።

«ሳጅን ባዩ፣ እነዚህን ሰዎች ከአጥሩ ውጪ አድርግልኝ» አለች።

በአሥራ አራት ዓመት የፖሊስ ሥራዋ ሬሳ ለምዳለች። ያልለመደችው በሬሳ ዙሪያ የሚቆሙትን ነው።

የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ አዱኛ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቀረቡ። ወፍራም የእህል ነጋዴ ናቸው፤ የታችኛው ከንፈራቸው ወደ ፊት ወጥቶ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። በዐቢይ ጾም፣ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ፣ እዚያ ከንፈር ላይ የቆሎ ገለባ ተለጥፎ ነበር።

«ይኸውልሽ፣ ወደቁብን» አሉ። «እዚያ ላይ አይውጡ ብዬ ስንቴ ለመንኳቸው። ቀብሩን ለዘጠኝ ሰዓት አዝዣለሁ። በዚህ ሙቀት ሬሳ አይቆይም።»

«ቀብሩ እኔ ስፈቅድ ነው የሚሆነው» አለች፤ ገለባውን ላለማየት ፊቷን ወደ ሟቹ መለሰች።

ተንበረከከች። ሰውየው የወደቁት በፊታቸው፣ የተፈነከቱት ግን ከማጅራታቸው በላይ ነው። ከሽበቱ መሐል የባሕር ዛፍ ልጣጭ ስንጣሪ ለቅማ አወጣች። ወለሉ ግራጫ የሲሚንቶ አቧራ ሆኖ ሳለ የሟቹ ተረከዝ ቀይ አፈር ጠግቧል። ጣቶቻቸው በእርሳስ ጠቁረዋል፤ የቀለም ነጠብጣብ ግን የትም የለባቸውም። መነጽራቸው በደረት ኪሳቸው ውስጥ፣ ታጥፎ፣ ሳይሰበር ተቀምጧል።

ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። «ይህ ገና አልተለሰነም። እዚያ ላይ ምን ሊሠሩ ወጡ?»

የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ናትናኤል ከኋላ ቆመው ነበር። «እንጃ፣ ሊለኩ ይሆናል» አሉ።

የመሪጌታ የሥራ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ቀይ አፈር ላይ የቆመች የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። እጃቸው በቀለም ሥራ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ በእርሳስ ብቻ ነበር የሚሥሉት። ንድፉ በስልክ ፎቶ ይነሣል፤ ንፋስ መውጫ ከተማ፣ በፈንታው ማተሚያ ቤት ያለች አንዲት ልጅ በታብሌት ላይ መስመሩን ተከትላ ትገለብጠዋለች፣ ቀለም ትሰጠዋለች፤ ከዚያ በሸራ ታትሞ መጥቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሰሞኑን የያዙት ለጸሎተ ሐሙስ እንዲደርስ የታዘዘውን የጌታን ራት ነበር። አሁን ግን በሥዕል ሰሌዳው ላይ አራት ትንንሽ ምስማሮችና አራት የተቀደዱ የወረቀት ጥጎች ብቻ ቀርተዋል።

የሟቹ እኅት ወይዘሮ ብርቄ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጠው ነበር። ወንድምና እኅት አብረው ነበር የሚኖሩት፤ ሥዕል ሲጣደፍ ግን መሪጌታ እዚሁ ያድሩ ነበር።

«እማማ ብርቄ፣ መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ትናንት ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት፣ ቅዳሴ ሲወጣ። እሱ በጾም ከዘጠኝ በፊት እህል አይቀምስም። ሽሮ ይዤለት እዚሁ መጣሁ። ወረቀቱን ከፊቱ ሳያነሣ ነው የሚበላው። ወጡን ስጨምርለት አንዲት ጠብታ ዱብ አለችበት። ሲጠርጋት ጭራ አወጣች። ተቆጣኝ፣ ልጄ። ዕድሜ ልኬን ተቆጥቶኝ አያውቅም።»

«ወረቀቱ ላይ የት አረፈች?»

«ከጽዋው አጠገብ።»

«መነጽራቸውን ሲያወልቁ ልማዳቸው እንዴት ነው?»

«ሲሥል ያደርገዋል። ሰው ፊቱ ከቆመ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል፤ ሩቁን ያለሱ ነው የሚያየው።»

ዓለምጸሐይ ዝቅ ብላ እጃቸውን ያዘች። «ሰሞኑን የተለየ ነገር አይተውባቸዋል?»

«ሰኞ ለት ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ካለው ገደል አፋፍ ሲመለስ አስታወከ። ምን አየህ ስለው ፊቱን አዞረ። ከዚያ የጨረሰውን ሥዕል ከታች ፍቆ እንደገና ጀመረው። ማታውን ‹እናታችን የተቀበረችው የትኛው ዋርካ ሥር ነበር?› አለኝ። የምታውቀውን ምን ትጠይቀኛለህ አልኩት።»

አቶ አዱኛን ለብቻቸው በኮሚቴው ክፍል አነጋገረቻቸው። ቆሏቸውን ከኪሳቸው እየዘገኑ መለሱላት።

«እኔ መሪጌታን ያየኋቸው ማክሰኞ ነው። ሐሙስ አሞኝ ቤቴ ተኝቼ ዋልኩ።»

«ንድፉስ የት ገባ?»

«እንጃ። ከኮሚቴው አንዱ ወስዶት ይሆናል። ብዙ ሰው ነን።»

«ፈንታው የሚባለው አታሚ ይመጣ ነበር?»

«እሱማ መቼ ይጠፋል» አሉና ፈገግ አሉ። «በየሥዕሉ ላይ የራሱን ስም እየጻፈ ነው የሚሸጠው አሉ። መሪጌታ ደርሰውበት ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ሰው አላማም።»

ከሰዓት በኋላ ንፋስ መውጫ ገባች። የፈንታው ማተሚያ ቤት ገና ከበሩ የቀለም ኬሚካልና የሽቶ ድብልቅ ሽታ ፊቷን መታት። ግድግዳው በታተሙ ፊቶች ተሞልቷል፤ ሙሽሮች፣ ተመራቂዎች፣ ሙታን፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ወርቃማ ብርሃን ተቀብተዋል። ጥግ ላይ ራሄል የምትባለው ወጣት ታብሌቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል። አሠሪዋ ፈንታው ከፊቷ ቆሞ ስልኩን ይገፋላታል። ስልኩ ላይ ያለው የዛሬ ጠዋቱ ሬሳ ነበር።

«ለሐዘን ባነር ነው» አለ ፈንታው ኢንስፔክተሯን ሲያይ፣ ሳይደነግጥ። «ፊታቸውን ታቀናዋለች፣ ደሙንና ዝንቡን ታጠፋዋለች፣ ዓይናቸውን ትከፍተዋለች። ሲያልቅ የሞቱ አይመስሉም። ፌስቡክ ላይ ስለቀው ስንት ሰው ያየዋል መሰለዎት?»

«ስልኩን እዚህ አስቀምጠውና ውጪ ቁም» አለችው።

ሲወጣ ራሄል ታብሌቷን ከደረቷ አወረደች። «አራት ዓመት የየኔታ ቀለመ ወርቅን ንድፍ ሠርቻለሁ» አለች። «በየወሩ መጥተው እስክሪኑን ያዩና ‹ይህ ዓይን ተኝቷል፣ ቀስቅሺው› ይሉኛል። አቶ ፈንታው ደግሞ እሳቸውን እንዲህ አድርጌ እንድሥል ይጠይቀኛል።»

«የጌታን ራት አሳዪኝ።»

ልጅቷ ታብሌቱን ከፈተች። ሥዕሉ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ከታች በቀኝ በኩል በደማቅ ፊደል «ሠዓሊ ፈንታው» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ይህን እሱ ነው የጻፈው። እኔ አይደለሁም።»

«ከየት መጣ ንድፉ?»

«ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ከአቶ ፈንታው ስልክ ተቀበልኩ። ‹እኔ ነኝ የሣልኩት› አለኝ። የየኔታ እጅ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ እህ ብዬ ተቀበልኩ። ተጣድፏል ብሎ ሌሊቱን ሙሉ አሠራኝ።»

«ከላይ ያለውን ቀለም ማንሣት ይቻላል?»

«ይቻላል። እንደ ስስ ላስቲክ አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበረ ነው። ከሥር ፎቶው አለ፣ ከላዩ የኔ መስመር፣ ከዚያ ቀለሙ።» ጣቷን ስታንሸራትት ወርቁ ጠፋ፤ ሰማያዊው ጠፋ፤ መስመሩም ጠፍቶ በመጨረሻ የእርሳሱ ንድፍ ብቻውን ቀረ።

ዓለምጸሐይ እየመላለሰች እንድታሳያት አደረገች። ከጽዋው አጠገብ፣ በተጠናቀቀው ሥዕል ላይ፣ ጭራ ያላት አንዲት ቀይ ጠብታ አለች።

«ይህችስ?»

«የፈሰሰ ወይን መሰለኝ። ፎቶው ላይ እንደዚህ ነው ያለችው።»

«ይሁዳ የቱ ነው?»

«ጥግ ላይ ያለው። የኔታ ይሁዳን ሁልጊዜ በጎን ነው የሚሥሉት፣ በአንድ ዓይን። የክፉ ሰው ሙሉ ፊት አይሣልም፤ የጥንቱም ሥርዓት ነው። አሁን ግን ፊቱን ወደኛ አዙሪው፣ ሁለት ዓይን ስጪው ተባልኩ። አይሆንም ብል አቶ ፈንታው ‹ያሉሽን ሥሪ› አለኝ።»

ኢንስፔክተሯ የእርሳሱን ፊት አጉልታ ለረዥም ጊዜ አየችው። ሙሉ አገጭ፤ ወደ ፊት የወጣ የታችኛው ከንፈር። ጣቷን ወደ ሥዕሉ ግርጌ አወረደች። ከማዕዱ በታች፣ ወለሉ ላይ፣ ወርቃማ ቀለም የተቀቡ አራት ክብ ነገሮች ተደርድረዋል፤ ግማሽ ግማሻቸው በሥዕሉ ጫፍ ተቆርጧል።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ዳቦ ናቸው ብዬ ነው። የላይኛው ግማሻቸው ብቻ ነው የሚታየው።»

«መሬት ላይ የተቀመጠ ዳቦ?»

ራሄል ክቦቹን በጣቷ ነካቻቸው። «እኔም ከብዶኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «የኔታ ፍርፋሪ እንኳ ወድቆ ካዩ አንሥተው ይስማሉ።»

ቅዳሜ ጠዋት ኢንስፔክተሯና ሳጅን ባዩ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ያለውን ገደል ወረዱ። ለአዲሱ ሕንፃ መሠረት በሎደር የተጠረገው አፈር ሁሉ የተደፋው እዚያ ነው። ላዩ ቆሻሻ ነበር፤ ፌስታል፣ የበሰበሰ ድርቆሽ፣ ሆዱ ያበጠ የአህያ ሬሳ። ሽታው በነጠላ የሚታፈን አልነበረም። ባዩ አፈሩን በአካፋ ጫር ሲያደርግ የተበጣጠሰ ሰሌን ወጣ። ቀጥሎ የጭን አጥንት። ቀጥሎ የሎደር ጥርስ የሰነጠቀው የራስ ቅል፤ ከጎኑም ሌላ፣ ትንሽ፣ የሕፃን።

ባዩ አካፋውን ጥሎ አማተበ። ዓለምጸሐይ ግን ቆማ ቆጠረች፤ ሠላሳ አንድ ላይ ስትደርስ አቆመች። ከእነዚህ መሐል አንዷ የወይዘሮ ብርቄ እናት መሆናቸውን ስታስብ፣ እግሯን የምታሳርፍበት ቦታ አጣች። መሪጌታ ሰኞ ለት ያዩት ይህንን ነበር። መናገር አልሆነላቸውም፤ ሄደው ሣሉት።

እሑድ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ሁሉንም በሟቹ የሥራ ቤት ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ብርቄ መደቡ ላይ፣ ራሄል ከታብሌቷ ጋር አጠገባቸው፣ ፈንታው በሩ ላይ፣ ቄስ ናትናኤል ቆመው፣ አቶ አዱኛ ብቸኛዋ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ባዩ በሩን ዘጋ።

«ከመነጽሩ ልጀምር» አለች ዓለምጸሐይ። «መሪጌታ መነጽራቸውን የሚያወልቁት ሰው ፊታቸው ሲቆም ነው። መነጽሩ ታጥፎ ኪሳቸው ነበር። ስለዚህ ሲሞቱ ከመወጣጫው ላይ ሥራ አልያዙም፤ ከሰው ጋር ይነጋገሩ ነበር። በግንባራቸው ተደፍተው የተፈነከቱት ግን ከኋላ ነው፤ ከጠጉራቸው የባሕር ዛፍ ልጣጭ ለቅሜያለሁ። ጀርባቸውን ሲያዞሩ በአጣና ተመትተዋል። ቀዩ አፈር ያለው እዚህ ቤት ነው፤ ተረከዛቸው እሱን ይዞ ሄዷል። ገዳዩ ጎትቶ ነው እዚያ የጣላቸው።»

«ማን?» አሉ ወይዘሮ ብርቄ።

«እመጣበታለሁ፣ እማማ። ከሰሌዳው ላይ ንድፉ ተነቅሏል። ያ ንድፍ ግን በፎቶ ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ከፈንታው ስልክ ለራሄል ደርሷል። ፎቶው መቼ ተነሣ? ራሄል፣ ጠብታዋን አሳዪያቸው።»

ራሄል ታብሌቱን ዘረጋች። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «የኔ ሽሮ ናት።»

«ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት የተንጠባጠበች ሽሮ። ልጅቷ የፈሰሰ ወይን መስሏት ሣለቻት። ስለዚህ ፎቶውን ያነሣው ሰው ሐሙስ ከዘጠኝ በኋላ፣ ከማታው አንድ ሰዓት በፊት፣ ወረቀቱ ፊት ቆሞ ነበር።»

ሁሉም ወደ ፈንታው ዞሩ። ላብ ከግንባሩ ወረደ። «እኔ አልገደልኩም» አለ። «ስሜን መጻፌ እውነት ነው። ፎቶውን ግን ከሰው ነው የተቀበልኩት፣ ከ...»

«ቆይ፣ ስሙን አሁን አትጥራ» አለችው። «አንተ የሰው ሥራ ሰርቀህ የምትበላ ሰው ነህ፤ ለዚህ ደግሞ ሥዕሉ ሙሉ ሆኖ ነው የሚጠቅምህ። ይህ ፎቶ ግን ከግርጌው ተቆርጧል። ራሄል ዳቦ ያለቻቸው አራት ክቦች የተቆረጠው ነገር አናት ናቸው። ፍርፋሪ የሚስሙ ሰው ዳቦ መሬት ላይ አይሥሉም።»

ከኪሷ ስልኳን አውጥታ የገደሉን ፎቶ ከታብሌቱ ጎን አደረገችው። የራስ ቅሎቹ አናትና የሥዕሉ ክቦች አንድ ነበሩ፤ ስንጥቁ ሳይቀር።

ወይዘሮ ብርቄ ሥዕሉን፣ ቀጥሎ ፎቶውን፣ ቀጥሎ ቄሱን አዩ። «የት ነው ይህ?»

«ገደሉ ውስጥ ነው፣ እማማ። የድሮውን መቃብር በሎደር ጠርገው ከቆሻሻ ጋር ደፍተውታል። ወንድምዎ ይህን ከማዕዱ ሥር ሣሉት፤ በጸሎተ ሐሙስ ሕዝቡ ሁሉ እንዲያየው። ያንን ቆርጦ ማውጣት የሚያስፈልገው ገደሉ ውስጥ ያለውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሎደሩን ያስገባው ኮሚቴው ነው፤ ያየም፣ ያዘዘም አለ።»

ቄስ ናትናኤል ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ከነዚህ መሐል ማን እንደሆነ መሪጌታ ራሳቸው ነግረውናል። ይሁዳን በጎን፣ በአንድ ዓይን ሣሉት። ከዚያ ይሁዳን ሁለት ዓይን ስጡት የሚል ትእዛዝ መጣ። ለይሁዳ ማን ያዝናል? ፊቱ የራሱ የሆነ ሰው ብቻ።» ታብሌቱን ከእርሳሱ ንድፍ ጋር ከፍ አድርጋ ያዘችው። «አቶ አዱኛ፣ ፊትዎን ወደ መስኮቱ ያዙሩልኝ።»

አልዞሩም። መዞር ግን አላስፈለጋቸውም፤ ሁሉም አይቶታል።

«እሳቸው ናቸው የሰጡኝ» አለ ፈንታው በሹክሹክታ። «ሐሙስ ማታ በመኪናቸው መጥተው። ‹ማክሰኞ ያነሣሁት ነው› አሉኝ።»

«ሐሙስ፣ ቤታቸው ታመው በተኙበት ቀን» አለች ዓለምጸሐይ።

አቶ አዱኛ ከንፈራቸውን ላሱ። «ይህን ቤተ ክርስቲያን እኔ ነኝ የማሠራው» አሉ። «ላረጀ አጥንት ተብሎ ሥራ ይቁም? እሱ ግን ይሁዳ አደረገኝ። አጥፋው አልኩት። ‹አላጠፋም› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።»

«ወረቀቱስ?»

«አቃጠልኩት።»

«ፎቶውንስ ለምን አላጠፉትም? ዝም ቢሉ ሥዕሉ ይቀር ነበር።»

ሰውየው የምር ያልገባቸው መስለው አዩዋት። «ለምን ይቀራል? መልኬ ጥሩ ወጥቶ ነበር። የጎደለው ሁለት ዓይን ብቻ ነው። ሁለት ዓይን ቢኖረው ከሐዋርያት አንዱ ነኝ። ማን ይለየኝ ነበር?»

መሪጌታን ገድሎ ሲያበቃ በእሳቸው ሥዕል፣ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ፣ ሕዝብ እንዲሰግድለት ፈልጓል። እጇን ልትዘረጋበት አልፈለገችም፤ ካቴናውን ለባዩ ሰጠችው።

ሲወስዷቸው ራሄል እያለቀሰች የፈንታውን ስም ከሥዕሉ ላይ አጠፋች።

ኢንስፔክተሯ ወደ ሞተሯ ስትሄድ ቄስ ናትናኤል ተከተሏት። «ሎደሩ የገባ ቀን አይቼ ነበር» አሉ። «ተናገርኩ። አዱኛ ‹ለእግዚአብሔር ቤት ነው፣ ዝም ይበሉ› አለኝ። ዝም አልኩ። ለመሪጌታም አልነገርኳቸው፤ እሳቸው ራሳቸው አገኙት።» ከቀሚሳቸው ውስጥ መስቀላቸውን አውጥተው ዘረጉላት። «ይባርክሽ፣ ልጄ።»

ዓለምጸሐይ በሕይወቷ የተዘረጋላትን መስቀል ሳትሳለም አልፋ አታውቅም። እጇን ወደ ኋላ አጣመረች።

«አባ፣ መጀመሪያ ገደሉን ይውረዱ» አለች።

ቄሱ መስቀላቸውን ኪሳቸው መልሰው ከተቱት፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ በመቀነታቸው ሸጎጡና ቁልቁለቱን ጀመሩ። ወይዘሮ ብርቄ ከቆርቆሮው ቤት ወጥተው አዩዋቸው፤ አካፋ አነሡና ተከተሏቸው።